ቀን ዘግቶ ሌሊት የሚተነፍሰው አናናስ

አናናስን የማይወድ ማን አለ? ተክሉን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ እንደ ማንጎ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል የሚመስላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አናናስ ከወገብ ብዙም የማያልፍ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የሾለ፣ በብዙ ዝርያዎቹም ዳር ዳሩን እሾህ ያወጣ ተክል ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛም ጋ ሲዳማ ውስጥ በደንብ ይበቅላል።

ሐዋሳ ሳለሁ ጓሮዬ የተከልኩትን ጎረቤቴ እትዬ በየማታው ያጠጡልኝ ነበር። «ልጄ፣ ውሃ ካልጠጣ ይህን ሁሉ ጭማቂ ከየት ያመጣዋል?» ይሉኛል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ በዚያው ቀዳዳ ግን ውሃው ተንኖ ያልቅበታል። አናናስ የቀኑን ሐሩር ዘግቶ ያሳልፋል። መሽቶ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በማሊክ አሲድ መልክ ሲያጠራቅም ያድራል። ሲነጋ ይዘጋል፤ ሌሊት ያጠራቀመውን እየፈታ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራበታል። የቅጠሉ ኮምጣጣነት ንጋት ላይ በርትቶ ወደ ማታ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው። ቅጠሎቹ ጎድጎድ ብለው ወደ መሃል ስለሚሰበሰቡ ጤዛ እንኳ አያመልጣቸውም። ያ ሁሉ ጭማቂ የቁጠባ ውጤት ነው።

የእኔው አናናስ ግን በደግነት ብዛት ሞተ። አንድ ቀን የመሃሉን ቅጠል ስነካው ያለምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩም በስብሶ ነበር። እባካችሁ፣ አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጡት!

አተካከሉ ቀላል ነው። ፍሬው አናት ላይ ያለውን የቅጠል ጉንጉን ጠምዝዛችሁ ንቀሉ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ላጡ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ ጥቂት ቀን አቆዩት። ከዚያ አሸዋ የበዛበት፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር ላይ ትከሉት። ፀሐይ ይወዳል፤ ውርጭ ይገድለዋል። ፍሬ ለማየት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ሁሉ ትዕግሥት በኋላ ጥሬውን ቆርጦ «ቤት ይበስላል» ማለት ያሳዝነኛል። ሙዝ ያጠራቀመውን ስታርች ከተቆረጠ በኋላም ወደ ስኳር ይለውጣል፤ አናናስ እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ልጣጩ ቢጫ ቢሆን እንኳ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። እናትየውንም ፍሬ ሰጠች ብላችሁ አትንቀሏት፤ ከጎኗ ልጆች ታወጣለች።

ቀጥዬ ከተከልኩት አንዱን ልጅ ለእትዬ ሰጠኋቸው። አሁን ጣሳቸውን ከማንሳታቸው በፊት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደድ ያደርጋሉ፤ እርጥብ ከሆነ «ገና ነው» ብለው ይመለሳሉ።