ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱ የወባ ነገር

ውድ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ ዘመድ ለመጠየቅ ስትነሱ «እኛ እዚያው ያደግን ነን፤ ወባ ምን ያደርገናል?» ትላላችሁ። በዚህስ አንስማማም። ሰውነት ወባን የሚለምደው ደጋግሞ ሲያዝ ነው፤ እስራኤል ብዙ ዓመት ሲቆይ ያ ልምድ ይደክማል። እዚህ የተወለድነው እኛ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለንም።

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ አያሰጋትም። ወደ ጣና ዳር ወይም ወደ መተማ ቆላ ለሚወርድ ግን መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋል። (በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ ግጭት ስላለ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።) መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት በኩፓት ሆሊም በኩል የመንገደኞች ክሊኒክ ቀጠሮ ያዙ፤ ለማስተርጎም እኛ አብረናችሁ እንመጣለን።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣ ይጠፋል። ኢንሹራንስ ስትገዙ ያለባችሁን በሽታ አትደብቁ፤ ዋጋው ቢቀንስም በኋላ ኩባንያው ላይከፍል ይችላል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ቡና እንደሆነ የፈላ ነው፤ እሱን የሚከለክላችሁ የለም።

ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም፣ ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ኢትዮጵያ ነበርን» በሉት፤ ካልነገራችሁት የወባ ምርመራ ላያዝላችሁ ይችላል።