በሌላ ባንክ ኤቲኤም ብር ሲወጣ

የደመወዝ ሰሞን ኤቲኤም ፊት የተሰለፈ ሰው፣ ማሽኑ የራሱ ባንክ ይሁን የሌላ ብዙም አይጨነቅም። ካርዱን ያስገባል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይነካል፣ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ግን ገበያ የሚሻሙ ሁለት ባንኮች በሦስተኛ ወገን በኩል ተጠያይቀው ተስማምተዋል።

ማሽኑ የሚስጥር ቁጥሩን እዚያው ቁልፎቹ ሥር ይመሰጥረዋል፤ ቁጥሩ እንደተገለጠ መስመር ላይ አይወጣም። ከዚያ ጥያቄው ወደ ማሽኑ ባለቤት ባንክ ያመራል። የካርዱ የመጀመሪያ አኃዞች የሌላ ባንክ ደንበኛ መሆኑን ስለሚናገሩ ባንኩ መልእክቱን ለኢትስዊች ያሻግረዋል። ኢትስዊች የአገራችን ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ ኤቲኤሞቻቸውን ማናበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እሱም ጥያቄውን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያደርሳል። ካርዱ ታግዷል? ቁጥሩ ልክ ነው? የተጠየቀው ያህል ገንዘብ አለ? ሁሉም ከተሟላ ባንኩ ከደንበኛው ሒሳብ ቀንሶ ፈቃዱን በመጣበት መንገድ ይመልሳል፤ ማሽኑም መቁጠር ይጀምራል።

እስካሁን ከባንክ ወደ ባንክ አንድም ብር አልተሻገረም፤ የተመላለሰው መልእክት ብቻ ነው። ብሩን ያወጣው ባንክ ባለዕዳውን የሚያምነው በዚያ መልእክት ነው። በኋላ የሁሉም ዕዳ ተቻችሎ ልዩነቱ ብቻ በብሔራዊ ባንክ ካላቸው ሒሳብ ይወራረዳል።

እዚህ ለመድረስ እያንዳንዱ ባንክ መጀመሪያ የራሱን ቅርንጫፎች ማገናኘት ነበረበት። ደብተር ይዞ የሚቆጥብ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ሒሳብ ወደከፈተበት ቅርንጫፍ የሚመለስበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤቲኤም ሲጀምር ማሽኖቹ ስምንት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አዲስ አበባ። ለውጡን ያመጣው ከማሽኖቹ መብዛት ይልቅ ኮር ባንኪንግ ነው ባይ ነኝ። ሒሳቡ ከቅርንጫፍ መዝገብ ወጥቶ አንድ ማዕከል ሲገባ፣ የትኛውም መስኮት ያንኑ መዝገብ ማየት ቻለ።

ታዲያ ማዕከሉ ሲሳሳት ስህተቱም በአንድ ጊዜ በየቦታው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ለሰዓታት ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ችለው ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ ወጪ ከነባለቤቱ ተመዝግቧልና ባንኩ ሰዎቹን ለይቶ አብዛኛውን ገንዘብ አስመለሰ።

ደንበኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው፦ ፈቃዱ ደርሶ፣ ከሒሳብ ተቀንሶ፣ ብሩ ሳይወጣ መቅረቱ። ማሽኑ ይህን ሲያውቅ ቅናሹን የሚሽር መልእክት ይልካል፤ መስመሩ ከተቋረጠም መልእክቱን ይዞ ቆይቶ ግንኙነቱ ሲመለስ ያስተላልፋል። እሱም ካልሠራ የሁለቱ ባንኮች መዝገብና በማሽኑ ውስጥ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ተነጻጽሮ ልዩነቱ ይገኛል። ስለዚህ ገንዘቤ በረረ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ደረሰኙን፣ ከሌለም ሰዓቱንና የማሽኑን ቦታ መያዝ ነው፤ አቤቱታው የሚቀርበው ለማሽኑ ባለቤት ሳይሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው።