ምክንያቱ ያልታወቀ ሥር የሰደደ ማዞርና የእንቅልፍ ጉድለት፦ በመልካሳና በአካባቢው ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች በየዕለቱ ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «ያዞረኛል» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም የሚሸከመው ብዙ ነው። አንዱ ሕመምተኛ ቤቱ ሲሽከረከርበት፣ ሌላው ብድግ ሲል ዓይኑን ሲያጨልመው፣ ሦስተኛው ሲራመድ መሬቱ ሲከዳው፣ አራተኛው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሱን ጭው ሲለው በዚሁ በአንድ ቃል ይናገራል። በአፋን ኦሮሞ የተነገረው አቤቱታ በአስተርጓሚ ሲተላለፍ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠፋና ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ማዞር፣ 2 ዓመት» ብቻ ይሆናል።

መልካሳ ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ፣ ወንዙና መስኖው ለወባ ትንኝ የተመቹ በመሆናቸው ድካምና ማዞር ያለበት ሰው ሲመጣ የባለሙያው ሐሳብ አስቀድሞ ወደ ወባ ቢሄድ አያስወቅስም። ችግሩ የሚጀምረው የደም ምርመራው ከወባ ነጻ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚታዘዘው የዊዳልና የዌይል ፊሊክስ ምርመራ ሲሆን ሕመምተኛው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ይዞ ይወጣል። ይሁን እንጂ ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ውጤት ሕመሙን አያረጋግጥም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ካለፈ ኢንፌክሽን የቀረ ሊሆን ይችላልና። ይባስ ብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ራሱ ከሚያስከትላቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይገኙበታል። ሕመምተኛው ሳይሻለው ሲቀር ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ያው ምርመራ ይደገማል፤ ከዚያም ጨጓራ፣ ደም ማነስ፣ ነርቭ እየተባለ ዓመት ያልፋል። በዚህ ጉዞ ውስጥ «ሌሊት እንዴት ትተኛለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እምብዛም አይደለም።

የማዞርን ዓይነት ለመለየት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው ዘዴ ድራክማንና ሃርት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት ነው። በዚህ ዘዴ ስሜቱ መሽከርከር፣ ራስን ለመሳት መቃረብ፣ ሚዛን ማጣት ወይም ግልጽ ያልሆነ የራስ መቅለል ተብሎ በአራት ይከፈላል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ ያው ጥያቄ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሲቀርብላቸው የስሜቱን ዓይነት ለውጠው መልሰዋል። ስለዚህ አሁን ይበልጥ የሚታመንበት መንገድ ስሜቱ ምን እንደሚመስል ከመጠየቅ ይልቅ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚቀሰቅሰው መጠየቅ ነው። በአስተርጓሚ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ መንገድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ «ለስንት ደቂቃ?» የሚለው ጥያቄ በትርጉም ብዙ አይጎድልበትም።

ለሴኮንዶች የሚቆይና አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ብለው ዕቃ ሲያወርዱ የሚነሣ መሽከርከር የውስጥ ጆሮ ሕመም ነው፤ የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ወጥተው ወደ ግማሽ ክብ ቱቦዎች በመግባታቸው ይፈጠራል። ይህን ሕመም እዚህ ላይ ለይቶ ማንሣት የሚያስፈልገው የእንቅልፍ ችግር መስሎ ስለሚቀርብ ነው። ሕመምተኛው «ማዞሩ አላስተኛኝ አለ» ይላል፤ ትራስ ደራርቦ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ፣ እንዳይገላበጥ እየፈራ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1952 በዲክስና በሆልፓይክ የተገለጸው የአልጋ ላይ ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሕመምተኛው ራሱን 45 ዲግሪ አዙሮ በፍጥነት በጀርባው ሲተኛና ራሱ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ሲል ዓይኑ መርገብገቡን ማየት ብቻ ነው። ምርመራው ካረጋገጠ ኤፕሊ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው የራስ አዟዟር ሕክምና በጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል። ሁለት ዓመት ክኒን ሲውጥ የኖረ ሰው በአንድ ቀጠሮ ድኖ ሲሄድ ማየት በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚገኙት ደስታዎች አንዱ ነው።

ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን የሚዘልቅና እየመጣ የሚሄድ ማዞር፣ በተለይም ከራስ ምታት ወይም ብርሃንና ድምፅ ከመጥላት ጋር ከሆነ፣ የማይግሬን ማዞርን ያስጠረጥራል፤ እንቅልፍ መጉደል ከዋና ቀስቃሾቹ አንዱ ነው። ሲነሡ ብቻ የሚመጣውን ለመለየት የደም ግፊትን ለአምስት ደቂቃ ከተኙ በኋላና ከቆሙ በኋላ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ መለካት ይበቃል፤ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከቀነሰ ምክንያቱ ተገኝቷል። ንግግር መኮላተፍ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ ድንገት መደንቆር፣ ፈጽሞ መራመድ አለመቻል ወይም በሥራ ላይ እያሉ ራስን መሳት ካለ ግን ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሕመም አይደለምና ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል።

ሕመሙ ዘወትር ያለና ለወራት የቆየ ሲሆን ነው አስቸጋሪው። እዚህ ላይ ባለሙያው የሚሠራበትን አገር ማወቅ አለበት። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳስረዱት፣ በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻዎች ለብዙ ዓመታት ይህን ውኃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ደድሮና ወፍሮ የአንገት አከርካሪው የኅብለ ሰረሰርን ገመድ እስከ መጫን ደርሷል። እንዲህ ያለው ሰው «ያዞረኛል» ሲል የሚያዞረው ራሱን ሳይሆን እግሩ ነው፤ ተቀምጦ ደኅና ነው፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ጥርሱ ቡናማ፣ አንገቱ ግትር፣ የጉልበቱ ሪፍሌክስ ከልክ በላይ ፈጣን ሆኖ ከተገኘ የጆሮ መድኃኒት ማዘዝ ትርጉም የለውም። የሕመምተኛውን አረማመድ ሳያዩ ከወንበሩ ሳይነሣ መሸኘት በዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል።

መድኃኒቶችም መጠየቅ አለባቸው። ኪኒን፣ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የውስጥ ጆሮን ይጎዳሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ጊዜ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪርን ለሁሉም ተመራጭ ከማድረጉ በፊት ለብዙ ዓመታት በስፋት ሲሰጥ የቆየው ኤፋቪሬንዝ ማዞርንና ቅዠት የበዛበትን እንቅልፍ አንድ ላይ ያመጣ ነበር። ዶሉቴግራቪርም ቢሆን አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ጠዋት እንዲወሰድ ማድረግ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነድ ቤተሰብ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማዞር ካለበት፣ በተለይም ከአንድ ሰው በላይ ከሆነ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ መታሰብ አለበት።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ምንም ሳይገኝ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። እንቅልፉ የሚመረመረውም አሁን ነው፤ እንዲያውም ከዚህ በፊት ቢሆን ይመረጥ ነበር። አንጎል ሚዛንን የሚጠብቀው ከውስጥ ጆሮ፣ ከዓይንና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጡትን መልእክቶች አጣምሮ ነው። ይህን የማጣመር ሥራ ጤናማ ሰው ሳያስብበት ይሠራዋል። እንቅልፍ የጎደለበት ሰው ግን ቆሞ ሲለካ የሰውነቱ መወዛወዝ ይጨምራል፤ ትኩረቱ ይቀንሳል፤ ለጭንቀትም ይጋለጣል። ግንኙነቱ የሁለት አቅጣጫ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ማዞር እንቅልፍን ይነሣል፣ የተነሣው እንቅልፍ ማዞርን ያብሳል፤ አንድ ሰው ሁለቱም ስላሉበት ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በአዳማና በዙሪያዋ እንቅልፍ የሚጎድልባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ስላለች የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ረዳቱና በየሆቴሉ የሚያስተናግደው ሌሊቱን ነቅተው ያድራሉ። የፋብሪካ ሠራተኛው በየሳምንቱ ፈረቃ ይቀያይራል። ጫት ቅሞ ምርቃናው እንቅልፍ የነሣው ሰው ለጨብሲ መጠጥ ይጠጣል፤ መጠጡ ቶሎ ቢያስተኛውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያባንነዋል፤ ጠዋት ሲያዞረው ደግሞ መልሶ ጫት ይፈልጋል። ይህን ሰው ስለ ማዞሩ ብቻ የሚጠይቀው ባለሙያ ከክቡ አንዱን ነጥብ ብቻ አየ ማለት ነው። ጥያቄው ግን ያለ ወቀሳ መቅረብ አለበት፤ የተሸማቀቀ ሰው እውነቱን አይናገርም።

ሁለተኛው መታየት ያለበት በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ነው። እንቅልፍን በመሣሪያ የሚመዘግብ ምርመራ በአገራችን ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ቢሆንም ስቶፕ ባንግ የተባለው ባለ ስምንት ጥያቄ መጠይቅ ወረቀትና ሜትር ብቻ ይፈልጋል፦ ከፍተኛ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ የታየ መሆኑ፣ የደም ግፊት፣ ከ35 በላይ የሆነ የክብደትና የቁመት ንጽጽር፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የአንገት ዙሪያ እና ወንድ መሆን። ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ስለ ማንኮራፋቱ የሚጠየቀው ግን ሕመምተኛው ሳይሆን አብሮት የሚያድር ሰው ነው። አጠቃላይ የእንቅልፍ ጥራትን ለመመዘን ደግሞ የፒትስበርግ መጠይቅ በኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ይህም ካልተመቸ ለሁለት ሳምንት የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት ማስመዝገብ ይበቃል፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ልጁ ሊጽፍለት ይችላል።

ምርመራ ሁሉ ደኅና ነው ለተባለና ማዞሩ ግን ላልተወው ሰው ዛሬ ስም አለ። በኖቤል ተሸላሚው ሮበርት ባራኒ ስም የሚጠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መስፈርቱን ያሳተመለትና ፒ.ፒ.ፒ.ዲ. ተብሎ የሚጠራው ሕመም ነው። ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ በአብዛኛዎቹ ቀናት የሚኖር የመንገዳገድ ወይም የማዞር ስሜት ሲሆን ሲቆሙ፣ ሲንቀሳቀሱ እንዲሁም ብዙ ነገር በሚተራመስበት ቦታ ይብሳል። የአዳማ ገበያ በገበያ ቀን ለዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ መከራ ነው። የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛ የጆሮ ሕመም፣ ከማይግሬን ወይም ከከባድ ጭንቀት በኋላ ነው፤ ቀስቃሹ ሲያልፍ አንጎል በጥንቃቄ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። «ምንም የለብህም» ማለት እዚህ ላይ ስሕተት ነው። መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ሕመሙ የታወቀ መሆኑን፣ እንደማይገድለውና ሊሻሻል እንደሚችል ሲነገረው ሕክምናው ተጀመረ ማለት ነው። ቀጥሎም በየዕለቱ የሚሠሩ የሚዛን ልምምዶች፣ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ ካስፈለገም ማስረጃው ገና ጠንካራ ነው ባይባልም እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች በትንሽ መጠን ተጀምረው ይሰጣሉ።

የማይሰጠው ሲናሪዚን ነው። ለአጣዳፊ መሽከርከር ለጥቂት ቀናት ቢጠቅምም ለወራት ሲወሰድ አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይማር ያዘገየዋል፤ በአረጋውያን ላይ ደግሞ የፓርኪንሰን ዓይነት መንቀጥቀጥና መገተርን ያመጣል። ፕሮሜታዚንና ዲያዜፓምም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ለዘላቂ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስቀደመው ክኒን ሳይሆን የባህርይ ሕክምናን ነው፦ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድ፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማድረግ። የማታውን ቡና ወደ ጠዋት ማዛወር እንጂ ማስቀረት አያስፈልግም፤ ቡናን ጨርሶ ከልክሎ የታዘዘለት ሰው ወደ ቀጠሮው አይመለስም። የአልጋ ሰዓትን ማሳጠር የሚለው የሕክምናው ክፍል ግን መጀመሪያ ላይ የቀን እንቅልፍን ስለሚያባብስ ለሾፌርና ከማሽን ጋር ለሚሠራ ሰው በጥንቃቄ ካልሆነ አይታዘዝም። እስኪሻለው ድረስ ሌሊት እንዳይነዳ በጽሑፍ የሚሰጥ የሕክምና ማስረጃ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ከማንኛውም ክኒን ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል።

ቀጠሮው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በዚያ ጊዜ የእንቅልፍ መዝገቡ ተሻሽሎ ማዞሩ ካልቀነሰ እንቅልፉ ዋናው ምክንያት አልነበረምና ምርመራው ከጆሮና ከአረማመድ እንደገና ይጀመራል። ወደ አዳማ የሚላክ ከሆነም በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ማዞሩ በአንድ ጊዜ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚቀሰቅሰው ነገር፣ ተኝቶና ቆሞ የተለካው የደም ግፊት፣ የዲክስ ሆልፓይክ ውጤት፣ የአረማመዱ ሁኔታ፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ሁሉና በሌሊት የሚተኛው የሰዓት ብዛት ይጻፍ።