የሰውነት ማጎልመሻ ውጤት ከየት ይመጣል?

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የሒሳብ መምህር የማያውቀው ችግር አለበት፤ የተማሪው ሥራ እንደተሠራ ይጠፋል። የሒሳቡ መምህር ደብተሮቹን ተሸክሞ ቤቱ ይገባና ማታ ያርማል። የርዝመት ዝላይ ግን ልጁ አሸዋው ላይ ሲያርፍ አበቃ። መምህሩ በዚያች ቅጽበት ወደ ሌላ ተማሪ ዞሮ ከነበረ ያየው ነገር የለም፤ የውጤት መዝገቡን ግን መሙላቱ አይቀርም። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መዝገቡ ከምን እንደሚሞላ ያልተማረ ብቻ ነው የማያውቀው፤ ከቁመት፣ ከፍጥነት፣ ቱታ ለብሶ ከመምጣት፣ «እሱማ ጎበዝ ነው» ከሚል የከረመ ግምት።

ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሠራውን በቪዲዮ፣ በፎቶ፣ በድምፅና በጽሑፍ እየመረጠ የሚያኖርበት ፋይል ነው። አንድ ስልክ ይበቃዋል።

«እየመረጠ» የምትለዋን ብዙዎች ይዘሏታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከተመለከታቸው ፋይሎች አንዱ በቪዲዮ ብዛት ስልኩን አጨናንቆት ነበር፤ ልጆች ሲሮጡ፣ ሲዘሉ፣ ኳስ ሲያንቀረቅቡ። ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩበት አንድም ቦታ የለም። መምህሩ ቀረጸ፣ መምህሩ አስቀመጠ፣ መምህሩ ውጤት ሰጠ። ይህ መጋዘን ነው። እንዲያውም የድሮውን አድልዎ በማስረጃ አስደግፎ ይመልሰዋል፤ ፈጣኑ ልጅ በቪዲዮም ፈጣን ነውና።

ነገሩ በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፐርዝ መሻገር ይበጃል። በዚያ ከተማ የሚገኘው የኤዲት ኮዋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከምዕራብ አውስትራሊያ የሥርዓተ ትምህርት ምክር ቤት ጋር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት የዲጂታል ምዘናን ሞክረዋል። ሰውነት ማጎልመሻ ከኢንጂነሪንግ፣ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ከጣሊያንኛ ጋር እኩል ተሰልፎ ተፈተነበት። የአፈታተኑ አካሄድ ደግሞ ደስ ይላል። ተማሪው መጀመሪያ ከሚጫወተው ስፖርት የታክቲክ ችግር ይቀርብለትና እንዴት እንደሚፈታው ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ ክህሎቱን ሲያሳይ፣ ከዚያም በጨዋታ መሰል ሁኔታ ውስጥ ሲጠቀምበት ይቀረጻል። በመጨረሻም የራሱን ቪዲዮ ተቀምጦ ያያል፤ የቱ እንደሠራለት፣ የቱ እንዳልሠራለት፣ ምን ቢለውጥ እንደሚሻል ይጽፋል።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው ዋናው። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ደካማ የመረብ ኳስ ሰርቭ መቱ እንበል። አንዱ «ኳሷ መረብ ነካች» ብሎ ያቆማል። ሌላዋ ቪዲዮውን አቁማ «ኳሷን ወደ ላይ የወረወርኳት ከትከሻዬ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ክንዴ ሳይዘረጋ መታኋት» ትላለች። በሩጫ ሰዓትና በሜትር ብቻ በሚለካ ፈተና እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ናቸው። እሷ ከሁለት ወር በኋላ የተስተካከለውን ሰርቭ ከመጀመሪያው ጎን ብታስቀምጥማ፣ መምህሩ የሚያየው መማርን ራሱን ነው። አጭሯ፣ ወፍራሟ፣ አስም ያለባት ልጅ በተፈጥሮ አካሏ ምክንያት የምታጣውን ነጥብ በዕውቀቷና በለውጧ የምታገኝበት መንገድ ይህ ነው። ሲወራለት ግን አይሰማም።

ውጤት አሰጣጡም የራሱ ታሪክ አለው። የፐርዝ ተመራማሪዎች ከተለመደው የነጥብ መስፈርት ሌላ፣ ዳኞች ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እያዩ «የቱ ይሻላል?» የሚለውን ብቻ እንዲመልሱ አድርገዋል። ሐሳቡ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሉዊስ ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1927 ካሳተመው ሥራ የመነጨ ነው። ሰው ለአንድ ዝላይ «ከሃያ አሥራ አራት» ለማለት ይቸገራል፤ ከሁለት ዝላይ የተሻለውን መምረጥ ግን ይቀለዋል። ምርጫዎቹ ሲጠራቀሙ ስሌቱ ደረጃውን ያወጣል።

በእንግሊዝ ቪዲዮ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ኤኪውኤ የተባለው ፈታኝ ድርጅት በሚያዘጋጀው የጂሲኤስኢ (የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት 40 በመቶው የተግባር ምዘና ሲሆን ተማሪው በሦስት ስፖርቶች ይመዘናል። የድርጅቱ ውጤት አጣሪ በአካል ሊያያቸው የማይችላቸው እንደ በረዶ ሸርተቴና ፈረስ ግልቢያ ያሉት በቪዲዮ ማስረጃ ይቀርባሉ።

አሁን ትንሽ ቁጣ። ስልኩን ከሯጩ ኋላ ሆኖ መያዝ ምን የሚሉት ነው? የጉልበት ከፍታና የሰውነት ማዘንበል የሚታየው ከጎን ነው። ስልኩን ወገብ ከፍታ ላይ፣ ከመነሻው መስመር ትይዩ፣ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ያስደግፉት፤ እየተከተሉ አይሩጡ። ጎበዝ የርዝመት ዘላይ ሲነሳ እግሩ መሬት የሚነካው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ስልክ ይህችን ቅጽበት በሦስት ወይም በአራት ምስል ያልፋታል፤ 240 የሚያነሳው ግን ወደ ሠላሳ ምስል ይሰጣል። ዝግ ያለው ቀረጻ ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ይህን ያስቡ።

ሥራን ለአንድ መተግበሪያ አደራ መስጠትም ሞኝነት ነው። አሠልጣኞች ይወዱት የነበረው ኮችስ አይ የተባለ የቪዲዮ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል፤ ቪዲዮውን ሌላ ቦታ ያልገለበጠ እጁን አጨብጭቦ ቀርቷል። የልጆችን ቪዲዮ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ደግሞ ከሞኝነት ያልፋል። የወደቀች ልጅ ቪዲዮ ለመሳለቂያ ሲዞር ፖርትፎሊዮውም መምህሩም አመኔታቸውን ያጣሉ። የወላጅ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ፋይሉን መምህሩና ተማሪው ብቻ ይዩት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይጥፋ።

ክፍሉ ትልቅ፣ ስልኩ አንድ የሆነበት መምህር ሁሉንም ነገር ካልቀረጽሁ አይበል። በአንድ ሴሚስተር አንድ ክህሎት ይምረጥ፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ይቀራረጹ፤ እያንዳንዱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሙከራውን ብቻ ያስቀርና በሦስት ዓረፍተ ነገር ያብራራ። ይህን ያህሉ ለመጀመር ይበቃል።