ቀን ያልተቆረጠላቸው ቲኬቶች፦ ተረትና እውነታ

ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ ለየትኛውም ሪሊዝ ያልተመደቡ ቲኬቶች አሉት። ስለ እነሱ ከሚወራው ውስጥ ግን ሲፈተሽ የማይቆም ብዙ አለ።

ተረት፦ ለእያንዳንዱ ቲኬት ቀን መቁረጥ ግዴታ ነው።

እውነታ፦ ችግሩን ያመለከተው ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው መልስ ነው። የማይከበር ቀን መስጠት ከቢሮ «ነገ ተመለስ» በምንም አይለይም። ጃንጎ የተባለው የፓይተን ፍሬምወርክ አዲስ ቲኬትን «ያልታየ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላ ሰው አይቶ ችግሩ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ «ተቀባይነት ያገኘ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው እስኪገኝ ቢቆይ ነውር የለበትም። መረጃ የጎደለው፣ የተደገመው ወይም «አንሠራውም» የተባለው ደግሞ ይዘጋል። ዋናው ቶሎ መታየቱ ነው። «ሎግኢን አይሠራም» ብቻ የሚል ቲኬት ሲመጣ በየትኛው ብራውዘር፣ በየትኛው ቨርዥን፣ ምን ሲጫን እንደሆነ በዚያው ሰሞን ካልተጠየቀ፣ ከወራት በኋላ ጠያቂ ቢመጣ ባለቤቱ ራሱ ረስቶታል።

ተረት፦ ከባድ ችግር ሁልጊዜ ቅድሚያ ያገኛል።

እውነታ፦ ክብደትና ቅድሚያ ለየብቻ ናቸው። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ በባግዚላ መዝገቡ ክብደትን ከ1 እስከ 4፣ ቅድሚያን ከ1 እስከ 5 በተለያየ ቦታ ይሞላል። ማንም በማይጠቀምበት አሮጌ ስልክ ላይ አፕሊኬሽኑን የሚዘጋ ባግ ከባድ ነው፤ ግን ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የድርጅቱ ስም በስህተት ከተጻፈ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይታረማል።

ተረት፦ ያረጀውን ሮቦት ይዝጋው።

እውነታ፦ ኩበርኔቲስ የተባለው የኮንቴይነር ማስተዳደሪያ ፕሮጀክት ይህን ያደርጋል። 90 ቀን ዝም የተባለ ቲኬት «የቆየ» ይባላል፣ 30 ቀን ሲጨመር «የበሰበሰ»፣ ሌላ 30 ቀን ሲያልፍ ይዘጋል። ሮቦቱ ራሱ ምክንያቱን ሲነግር፣ ሁሉንም ለማስተናገድ በቂ ሰው የለንም ይላል፤ ቢያንስ አልዋሸም። ነገር ግን የሚቀንሰው ቁጥሩ እንጂ ባጉ አይደለም። በእኔ እምነት ሮቦት ሊዘጋ የሚገባው መረጃ ተጠይቆበት ባለቤቱ ዝም ያለውን ብቻ ነው። ባጉ እንዴት እንደሚደገም ደረጃ በደረጃ ጽፎ ለላከ ሰው የማሽን መልስ መስጠት ንቀት ነው።

ተረት፦ ቲኬት የሚዘጋው ሲሠራ ብቻ ነው።

እውነታ፦ ዓለም ሲለወጥም ይዘጋል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ስርዓት ባግ ቁጥር 1 የተባለውን መሥራቹ ማርክ ሻትልዎርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ከፈተው፤ ቅሬታውም ማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ገበያውን ይዞታል የሚል ነበር። ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋው ምክንያቱ ስልኮችና ታብሌቶች ገበያውን መለወጣቸው ነበር።

እናንተም በዚህ ሳምንት ከመዝገባችሁ ያረጁትን ጥቂት ቲኬቶች ክፈቱ። የማትሠሩትን ዝጉ፤ ለምን እንደዘጋችሁም ለጻፈው ሰው በሁለት መስመር ንገሩት።