ተጨማሪ መረጃ፦ ገዥ ባሕርይ ሁሉ የበዛ ነውን?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዘረመልን መሠረታዊ ትምህርት ሲሰጡ ትልቁ ብልጫቸው፣ ራሳቸው ግራ የተጋቡበትን ቦታ ገና አለመርሳታቸው ነው። ብዙ ጀማሪ ተማሪ «ገዥ» የተባለው ባሕርይ በሕዝብ ውስጥ የበዛ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ትርፍ ጣት ብዙውን ጊዜ የሚወረሰው በገዥ ዘረመል ሆኖ ሳለ ብርቅ ነው፤ የኦ የደም ዓይነት ግን ድብቅ (በገዥው የሚሸፈን) ሆኖም በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከሌሎቹ ይበዛል። ገዥነት የሚነግረን ሁለት የተለያዩ የዘረመል ቅጂዎች በአንድ አካል ሲገናኙ የትኛው ጎልቶ እንደሚታይ ብቻ ነው። ሁለቱንም ቅጂዎች ከያዙ ወላጆች በሚወለዱ ልጆች ዘንድ የሚጠበቀው «ሦስት ገዥ ለአንድ ድብቅ» የሚለው ምጣኔም ከአራት ልጆች አንዱ የግድ ድብቁን ባሕርይ ያሳያል ማለት አይደለም። ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት፣ ሐምራዊና ነጭ አበባ ያላቸውን ካዳቀለ በኋላ በሁለተኛው ትውልድ 705 ሐምራዊና 224 ነጭ አበባ ያወጡ የአተር ተክሎችን ቆጥሯል፤ ምጣኔው ጎልቶ የወጣው ተክሎቹ ብዙ ስለነበሩ ነው። ሁለት ሳንቲሞችን፣ እያንዳንዱን እንደ አንድ ወላጅ ቆጥሮ፣ አብሮ ደጋግሞ መወርወር ምጣኔው የሚወጣው ሙከራው ሲበዛ መሆኑን በክፍል ውስጥ ያሳያል።

ልምድ የሌለው አስተማሪ ስህተት ያስተላልፋል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከማስተማር መከልከል ሳይሆን የክፍሉ መምህር አብሮ እንዲገኝና ትምህርቱ በአንድ ጽንሰ ሐሳብ እንዲወሰን ማድረግ ነው፤ በዕድሜ ለሚቀርብ ሰው «አልገባኝም» ማለት ለተማሪው ይቀለዋልና።