«የባለቤትነት ስሜት» ሲባል የማን ባለቤትነት?

ስለ ደቡብ ምዕራብ ደንና ቡና የሚጻፉ የፕሮጀክት ሰነዶችን ያነበበ ሰው «የባለቤትነት ስሜት» የሚለው ሐረግ ሳይገጥመው አያልፍም፡፡ በሸካ ዞን፣ አንድራቻ ወረዳ በምትገኘው ጌጫ ዙሪያ ያለ አርሶ አደርም ደኑን «በባለቤትነት ስሜት» እንዲጠብቅ ይነገረዋል፡፡ ሐረጉ አማርኛ ይምሰል እንጂ «ኦውን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የተወለደ ትርጉም ነው፡፡ ለመሆኑ ግሱ ምን ማለት ነው? ስሜቱን የሚጠየቀው ሰውስ ባለቤትነቱ አለው ወይ?

እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ በየዕለቱ የሚጠቀምባቸው ተቀራራቢ ግሶች አሉት፡፡ «ሃቭ» ከሁሉም ልቅ ነው፤ ቤትም፣ ወንድምም፣ ራስ ምታትም በእርሱ ይነገራል፡፡ የእኛ «አለኝ» ማለት ነው፡፡ «ሆልድ» መያዝ ነው፤ ዕቃም፣ ሥልጣንም፣ የምስክር ወረቀትም ይያዝበታል፡፡ «ፖዜስ» ጠንከር ያለ ቃል ሲሆን፣ የላቲን ምንጩ በአንድ ነገር ላይ ጌታ ሆኖ የመቀመጥን ሐሳብ ይዟል፡፡ የእኛም «ንብረት» የመጣው «ነበረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ በግዕዝ ተቀመጠ ማለት ነው፡፡ እንግሊዞች ክፉ መንፈስ ያደረበትን ሰው በ«ፖዜስ» ሲገልጹት፣ እኛም «ጋኔን ያዘው» እንላለን፡፡

«ኦውን» ግን ከሦስቱም ይለያል፡፡ መኪና ተከራይቶ የሚነዳ ሰው «ሃቭ» ቢል ማንም አይቆጣውም፤ «ኦውን» ቢል ግን ዋሸ ይባላል፡፡ ይህንን ግስ ያለ ስህተት ለመጠቀም ነገሩን መሸጥ፣ መስጠትና ማውረስ መቻል ያስፈልጋል፡፡

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ልዩነቱን ያውቀዋል፡፡ በቁጥር 1140 መሠረት ይዞታ ማለት አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት የሚያደርገው ቁጥጥር ነው፡፡ በቁጥር 1204 ደግሞ ባለቤትነት በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው፡፡ ችግሩ ያለው በሕጉ ሳይሆን በዕለት ንግግራችን ውስጥ ነው፡፡ «ባለቤት» ስንል ባልም፣ ሚስትም፣ የቤት ጌታም፣ የዓረፍተ ነገር አድራጊም ማለታችን ነው፡፡ ብዙ የተሸከመ ቃል ደግሞ ለማለባበስ ይመቻል፡፡

አሁን ግሶቹን ወደ ጌጫ ይዘናቸው እንሂድ፡፡ አርሶ አደሩ በጓሮው የተከለው ቡና «ኦውን» የሚያደርገው ነው፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7፣ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚያደርገው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብት ሰጥቶታል፡፡ ቡናው የቆመበት መሬት ግን «ሆልድ» የሚያደርገው ብቻ ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱም ባለቤትነቱን የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ አድርጎታል፡፡ ደብተሩ «የይዞታ ማረጋገጫ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

ደኑ ጋ ስንደርስ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፡፡ በሸካ ባህል «ኮቦ» የሚባል የደን ይዞታ አለ፡፡ በዚህ ሥርዓት የደኑ ክፍል የማን እንደሆነ በአካባቢው ይታወቃል፤ ቀፎ የሚሰቅለውም እርሱ ነው፡፡ ባህሉ ለዚህ ሰው «የአንተ ነው» ሲለው፣ የመንግሥት ሕግ ግን ለረጅም ጊዜ ሌላ ቋንቋ ሲናገር ኖሯል፡፡ አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር፡፡ የማኅበረሰብ ደን ራሱን የቻለ ዕውቅና ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው፡፡ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ዕውቅናው ለደኑ እንጂ ለመሬቱ አይደለም፡፡

ታዲያ ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ አይደለም፡፡ በሸካ ለቡናና ለሻይ ልማት ለባለሀብቶች መሬት ሲሰጥ ቆይቷል፡፡ መሬት ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜ ባለይዞታው ካሳ የሚያገኘው በላዩ ላፈራው ንብረትና ለመፈናቀሉ እንጂ ለመሬቱ የሽያጭ ዋጋ አይደለም፡፡ በስብሰባ «ባለቤቱ አንተ ነህ» የተባለ ሰው፣ የካሳ ሠንጠረዥ ፊት ሲቀርብ ባለይዞታ ሆኖ ይገኛል፡፡ ግዴታው በ«ኦውን» ተነግሮት መብቱ በ«ሆልድ» ተሰፈረለት ማለት ነው፡፡

መሬት በመንግሥት እጅ መሆኑ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በቅን ልቦና የሚከራከሩ በሁለቱም ወገን አሉ፡፡ እኔ የምለው ከዚያ የቀለለ ነው፡፡ የፕሮጀክት ሰነድ፣ የስምምነት ውልና የመተዳደሪያ ደንብ የምናረቅ ባለሙያዎች «ባለቤትነት» ብለን ከመጻፋችን በፊት ቃሉን እንፍታው፡፡ ደኑን ማን ይይዘዋል? ከማሩና ከጫካ ቡናው ማን ይጠቀማል? ሌላውን ሰው ማን ይከለክላል? ለልጅ ይተላለፋል ወይ? ቢወሰድስ ካሳው ለማን ነው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ከተቻለም በሸካቾ ቋንቋ ይጻፍለት፡፡ አርሶ አደሩ ከመፈረሙ በፊት የትኛው ግስ የእርሱ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል፡፡ ይህ ከተደረገ ስለ ስሜቱ ማንም መስበክ አያስፈልገውም፡፡